የፎርማን ጆሮ

ግድግዳው ሦስት ጊዜ ተደበደበ። ዱም! ዱም! ዱም!

ፎርማን ከሶፋው ተስፈንጥሮ ተነሳ። ሌላ ጊዜ ጉልበቱን ይዞ "እህህ" እያለ የሚነሳ ሰውዬ፣ ግድግዳው ሲደበደብ ብቻ ጎረምሳ ይሆናል። ከሶፋው ሥር አፍንጫዋ ብረት የሆነች የድሮ የሥራ ጫማውን መዥርጦ አወጣና በተረከዟ ግድግዳውን አራት ጊዜ ነረተው። አንድ ጨምሮ የሚመልሰው ሆን ብሎ ነው። ሦስት ለመታህ ሰው ሦስት መመለስ ለእሱ ሰላምታ እንጂ መልስ አይደለም።

"እንኪ! ጠጪው!" አለ፤ የቀለሙ ቅርፊት እጁ ላይ እየረገፈ። "ሰው ቤቱ አርፎ በተቀመጠበት! ምን ዓይነት ዓይን አውጣ ናት በእግዜር?"

ቴሌቪዥኑ ዜና ያነባል። ያነባል ማለት እንኳ ያንሰዋል፤ ያገሳል። የመስኮቱ መስታወት ይርገበገባል፤ መደርደሪያው ላይ ያሉት ብርጭቆዎች እርስ በርሳቸው ይንኳኳሉ። ሚስቱ ወጥ ቤቱ በር ላይ ቆማ አየችው። አንገቷ ላይ የጠመጠመችውን ሻርፕ ጠበቅ አደረገችና ወደ ድስቷ ተመለሰች።

ሕንፃው ውስጥ ከሕፃን እስከ ሽማግሌ የሚጠራው ፎርማን እየተባለ ነው። እሱ ጡረታ ከወጣ ቆይቷል፤ ስሙ ግን አብሮት ጡረታ አልወጣም። ዕድሜውን የጨረሰው በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ፣ በሽመና ክፍል ውስጥ ነው። ጢም ሳያወጣ ብናኝ ጠራጊ ሆኖ ገባ፣ ከዚያ ማሽን ዘይት ቀቢ፣ ከዚያ ሸማኔ፣ በመጨረሻም ፎርማን ሆነ። በአንድ ጣራ ሥር ያ ሁሉ የሽመና ማሽን ባንድ ላይ ሲንጫጫ ምን እንደሚመስል እዚያ ላልገባ ሰው መንገር ከንቱ ድካም ነው። ወለሉ ከጫማ ሥር ይንቀጠቀጣል። መወርወሪያው ከግራ ቀኝ፣ ከቀኝ ግራ ሲላጋ ጥርስ ድረስ ይሰማል። ሰው ጆሮህ ሥር መጥቶ ቢጮህ የምታየው አፉን ብቻ ነው።

ስለዚህ የሽመና ክፍል ሰው የሚያወራው በእጁ ነበር። ሁለት ጣት አጋጥሞ ማለያየት፦ ክር ተበጠሰ። ቡጢ ጨብጦ ወደ ታች መሳብ፦ ማሽኑን አቁም። የግራ እጅን አንጓ በቀኝ ይዞ እንደ ብሎን ማዞር፦ መካኒክ ጥራ። ሆድን ማሸት፦ ሥራ አስኪያጁ እየመጣ ነው፣ ሥራ የያዝክ ምሰል። ከእነዚህ ጥቂት ምልክቶች ተነስተው ደግሞ ሠራተኞቹ ሐሜቱን፣ ቀልዱን፣ የልባቸውን ጉዳይ ሁሉ በጣት ይጨርሱት ነበር። ፎርማን ሚስቱን ያገኘው በዚሁ ነው። እሷ ክር ማጠንጠኛ ክፍል ነበረች፤ በመሃላቸው ትልቅ መስታወት። "ምሳ ሰዓት በሩ ጋ ጠብቂኝ" ያላት በእጁ ነው። እሷም በእጇ "ቆሜ አልጠብቅም፣ ፈጥነህ ና" አለችው። በአፋቸው በተነጋገሩበት የመጀመሪያ ቀን ሁለቱም አፍረው ነበር ይባላል።

ጆሮውን በተመለከተ ግን ፎርማን ቀልድ አያውቅም። ፋብሪካው የጆሮ መድፈኛ ሲያድል እሱ የራሱን ወስዶ መሳቢያ ውስጥ ከተተው። "ጆሮዬን ደፍኜ ምኑን ፎርማን ሆንኩ?" ይል ነበር። ከዚያ ሁሉ ማሽን መካከል የታመመውን በጆሮው ይለያል፤ ዓይኑን ጨፍኖ "ያ፣ ከመስኮቱ ሁለተኛው፣ ማጉ ሊበጠስበት ነው" ይላል፣ እውነትም ይበጠሳል። ዋና መሐንዲሱ ሳይቀር እሱን ያስጠራ ነበር። ሰው በቁመቱ ይኮራል፣ በልጆቹ ይኮራል፤ እሱ የሚኮራው በሁለት ጆሮዎቹ ነው።

ጡረታ ወጥተው እዚህ ሕንፃ አራተኛ ፎቅ ላይ የገቡ ቀን ሚስቱ ደረጃው ላይ ዕቃ ተሸክማ ስትወጣ ነጻ በሆነው እጇ "ቀስ በል፣ ከኋላህ ሰው አለ" አለችው፤ እንደለመደችው። ፎርማን እጇን ጠፍ አድርጎ መታው። "እዚህ ፋብሪካ አይደለም! ጎረቤቱ ዱዳ ናቸው ይለናል። እንደ ሰው በአፍሽ ተናገሪ!" አላት፤ ሰው እያየ። እሷም ከዚያ ቀን ጀምሮ እጇን ሰበሰበች። በአፏ ተናገረች። ሲውል ሲያድር ደግሞ አፏ ብቻውን አልበቃ አለ፤ ጮኸች። ከዚያ የበለጠ ጮኸች።

አሁን እውነቱን እንነጋገር፤ እዚህ ሕንፃ ውስጥ እውነቱን የማያውቅ ፎርማን ብቻ ነው። ጆሮው ሄዷል። ሙሉ በሙሉ አልሄደም፤ ጣጣውም እሱ ነው። የሄደው ቀጭኑ ድምፅ ነው፤ የሰው ንግግር፣ የስልክ ጥሪ፣ የሚፈላ ውኃ ፉጨት፣ የልጅ ልጁ "አባባ" የምትለው። ወፍራሙ ድምፅ እንዳለ አለ። በር ሲላተም ይሰማል፣ የጭነት መኪና ሲያልፍ ይሰማል፣ ግድግዳ ሲደበደብማ ጥርት አድርጎ ይሰማል። እንግዲህ እሱ ቴሌቪዥኑን እስከ ጥግ ይከፍተዋል፤ ከግድግዳው ማዶ ያለችው አስተማሪ አልችል ስትል ትደበድባለች፤ ከዚህ ሁሉ ለእሱ የሚደርሰው ድብደባው ብቻ ነው። የገዛ ጩኸቱን አይሰማም፤ የሚሰማው መልሱን ነው። መልሱንም እንደ ጠብ ጫሪነት ቆጥሮ ጫማውን ያነሳል።

እንዴት ሰው ይህን ስለ ራሱ ሳያውቅ ይኖራል የሚል ካለ፣ የፋብሪካ ሰው ቤት ገብቶ አያውቅም ማለት ነው። በዚያ ቤት ሹክሹክታ የሚባል ነገር ተወልዶ አያውቅም። አባት ይጮሃል፣ እናት ትጮሃለች፣ ልጆቹ እየጮኹ አደጉ፤ "እንደምን አደራችሁ" እንኳ ሳይቀር ለማያውቅ ሰው ጠብ ይመስላል። ሁሉም በሚጮህበት ቤት ማን ለማን ብሎ እንደሚጮህ ማን ይለያል? ሚስቱ ለይታለች። ግን ያንን በጆሮው የሚምል ሰውዬ "ጆሮህ ሄዷል" ብሎ ፊት ለፊት የሚነግር ልብ ከየት ይመጣል? አንድ ሁለት ጊዜ ሞከረች። ቱግ አለባት፤ ተወችው።

ደግሞ የፎርማንን ሒሳብ ስሙት፤ ከላይ ሲያዩት ቀዳዳ የለውም። የጎን ቤት ድሮ ባዶ ነበር። ቤቱ ባዶ ሳለ ግድግዳ የሚደበድብ አልነበረም። አስተማሪዋ ተከራየች፤ ድብደባ ተጀመረ። ታዲያ ሰላሙን ያደፈረሰው ማን ነው? ይህን ያገኘውን ሁሉ እያስቆመ ይናገራል፤ ሰዎቹም እሺ ብለው ራሳቸውን ይነቀንቃሉ፤ ቶሎ ወደ ቤታቸው ለመግባት።

አንድ ቀን ከሥራ ስትመለስ ከፎርማን ጋር ደረጃ ላይ ተገጣጠሙ። አስተማሪዋ እስከ አፍንጫዋ ድረስ የተማሪ ደብተር ታቅፋለች።

"ጋሼ፣ ደህና ዋሉ?" አለች። "አንድ ነገር ልለምንዎት ነበር። ማታ ማታ ትንሽ ቀነስ ቢያደርጉልኝ? ደብተር ማረም አልቻልኩም እኮ። እናቴ ጋ ለመደወል እንኳ ደረጃ ላይ ነው የምወጣው።"

ፎርማን ያየው ከደብተሩ ክምር ጀርባ የሚንቀሳቀስ ጉንጭ ብቻ ነው። የዛሬ ልጆች አፋቸውን ከፍተው አይናገሩም፣ ሲል አሰበና የራሱን ጀመረ።

"ስሚ! እኔ ከማንም ጋር ጠብ የለኝም! ዕድሜ ልኬን ሠርቼ በላሁ! ግን ግድግዳዬን መደብደብሽን ካላቆምሽ እኔም እንዴት እንደሚደበደብ አውቃለሁ!"

"ምን? እኔ እኮ የምደበድበው እርስዎ ስለሚያስጮሁት ነው!" እሷም ጮኸች፤ ታግሳ ታግሳ።

ቃሉ አልደረሰውም፤ ጩኸቷ ግን ደረሰው። "አያችሁ?" አለ፤ ማንም በሌለበት ደረጃ ላይ ዙሪያውን እያየ። "በሥርዓት ብናገራት ጮኸችብኝ!"

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ስንት ቤት አለ እንዲህ የሚኖር። ግን ሚስቱ ድምፅ አጣች። መጀመሪያ ሻከራት፤ ጉንፋን ነው አለች። ከዚያ ጠዋት ጠዋት አልወጣ ይላት ጀመር፣ ቀጥሎም ስትናገር ጉሮሮዋን በመርፌ የሚወጋት ሆነ። ልጃቸው ይዛት ሐኪም ጋ ሄደች። ሐኪሙ በመስታወት ጉሮሮዋን አየና "እማማ፣ ሥራዎ ምንድነው? አዝማሪ ነዎት ወይስ ገበያ ውስጥ ይጣራሉ?" አላት።

"የቤት እመቤት ነኝ" አለች።

"የቤት እመቤት ጉሮሮ እንዲህ አይቆስልም። ድምፅዎን ያሳርፉ። መጮህ ጭራሽ የለም፤ ሹክ ማለትም የለም። ዝም። ካልሆነ ጭርሱን ሊሄድ ይችላል።"

ሚስቱ ሐኪሙን አይታ ሳቀች፤ ድምፅ የሌለው ሳቅ። እዚያ ቤት ውስጥ ዝም ብላ እንዴት ትኖራለች? ጨው አምጣ ለማለት፣ በር ተንኳኳ ለማለት፣ መድኃኒትህን ዋጥ ለማለት ሁሉ ሳንባዋን መንቀል አለባት። ልጅቷ ያንኑ ዕለት ወሰነች፦ እናቷ እሷ ቤት ትሄዳለች፤ እሁድ ትወስዳታለች። የምትመለስበትን ቀን የቆረጠ የለም።

ፎርማን ይህን ሲሰማ፣ ማለትም ሁለት ጊዜ ተጩኾ ሲነገረው፣ ደሙ ፈላ። ሚስቱ ከተጋቡ ጀምሮ ከቤት ወጥታ አድራ አታውቅም። እሷ በሌለችበት ቤት ምን ያደርጋል? ማን ጠዋት ትከሻውን ነቅንቆ ይቀሰቅሰዋል? የፈራውን ፍርሃት ግን ፍርሃት ብሎ አልጠራውም፤ ቁጣ አደረገውና በደንብ የለመደው ግድግዳ ላይ ለጠፈው።

"ገባኝ!" አለ። "ገባኝ! ይቺ ሴት ናት! በድብደባዋ እንቅልፍ ነስታሽ ነው የታመምሽው! ሚስቴን ከቤቴ ልታስወጣብኝ? እኔ በቁሜ?"

ሚስቱ ራሷን ነቀነቀች። እጇ ከጭኗ ላይ ተነሳ፤ ወደ ጆሮው ሊያመለክት መንገድ ጀመረ፤ መሃል ላይ ያቺን የደረጃዋን ዕለት አስታወሰና ተመለሰ።

ፎርማን ሊቀመንበሩ ጋ ገሰገሰ። የሕንፃው ኮሚቴ ሊቀመንበር ጥግ ላይ ያለችው የመነጽር መሸጫ ባለቤት ነው፤ ጨዋ ሰው፣ ጠብ ካየ በሌላ መንገድ የሚዞር። ከዚህ በፊት ፎርማን ሲመጣ "እናየዋለን ጋሼ" እያለ ይሸኘው ነበር። ዛሬ አልተሸኘም። ባንኮኒውን፣ ላዩ ላይ የተደረደሩት መነጽሮች እስኪዘሉ፣ በመዳፉ መታው።

"ቅዳሜ ማታ በዜና ሰዓት ቤቴ ትመጣለህ! ቁጭ ትላለህ! በጆሮህ ትሰማለህ! ከዚያ ወይ እሷ ከሕንፃው ትወጣለች፣ ወይ አንተ ከሊቀመንበርነትህ ትወርዳለህ! ከእሁድ በፊት!"

ሊቀመንበሩ መነጽሮቹን እየሰበሰበ "እመጣለሁ" አለ። ምን ይበል?

ቅዳሜ ማታ መጣ። ፎርማን እንደ ዳኛ ሶፋው ላይ አስቀመጠው፣ ራሱ ፊት ለፊት ወንበር ስቦ ተቀመጠ፣ ያቺን የሥራ ጫማውን ለማስረጃ ጠረጴዛ ላይ አኖራት። ሚስቱ ጥግ ላይ ናት፤ ለነገ የተዘጋጀው ሻንጣ አጠገቧ። ቴሌቪዥኑ ተከፈተ። ሊቀመንበሩ እንደተመታ ሰው ወደ ኋላ ተለጠፈ። አንድ ዓይኑን ጨፈነ። ለሚስቲቱ የሆነ ነገር ሊላት ሞከረና ተወው።

ጥቂት ቆየ። ዱም! ዱም! ዱም!

"ሰማህ?" ፎርማን ፊቱ በራ። "ሰማህ አይደል? በል መስክር! ቁጭ ባልንበት! ማንን ነካን? ምን አደረግን?"

ሊቀመንበሩ እጁን ዘርግቶ የቴሌቪዥኑን መቆጣጠሪያ ከጠረጴዛው አነሳ። ቁልፉን ተጫነ፣ ተጫነ፣ ተጫነ። ብርጭቆዎቹ መንኳኳታቸውን ተዉ። መስኮቱ ረገበ። ሊቀመንበሩ መቆጣጠሪያውን አስቀመጠ።

"ምነው ዘጋኸው?" አለ ፎርማን።

ሊቀመንበሩ ወደ ፊት ጎንበስ ብሎ ፊቱን አሳየው፣ አፉንም በደንብ እየከፈተ "አልዘጋሁትም" አለ።

"አልዘጋሁትም ትላለህ እንዴ? ዝም ብላለች እኮ ልጅቷ!" ፎርማን ወደ ዜና አንባቢዋ ጠቆመ። ልጅቷ አፏ ይንቀሳቀሳል። ወረቀቷን አገላበጠች፣ ፊቷን ኮስተር አደረገች፣ የሆነ ነገር አነበበች።

ሚስቱ ከጥግ ብድግ አለች። ወደ መታጠቢያ ቤት ሄደች፤ ባልዲ ስታወጣ፣ ጀሪካን ስታወጣ፣ ቧንቧ ስትከፍት አያት። ሊቀመንበሩም ሰዓቱን አየና ግንባሩን መታ፤ ቤቱ ውኃ የሚቀዳ ሰው እንደሌለ ትዝ እንዳለው ዓይነት።

"አንቺ! ምን ልትሆኚ ነው በዚህ ሰዓት?" ጮኸ ፎርማን።

በእርጥብ ጣቷ ወደ ቴሌቪዥኑ አመለከተች። ሊቀመንበሩ ጆሮው ሥር መጥቶ እየጮኸ ተረጎመለት፦ "ከነገ ጠዋት ጀምሮ ውኃ ይቋረጣል አለች። የቧንቧ ጥገና ነው አለች። አሁን፣ አሁን ነው ያነበበችው።"

ፎርማን ልጅቷን አየ። ባልዲውን አየ። በዚያው ቅጽበት ከግድግዳው ማዶ ወፍራም ነገር ወለል ላይ ሲጎተት ተሰማው፤ በርሜል ነው። አስተማሪዋ በርሜሏን ወደ ቧንቧ እየጎተተች ነው። እሷም ሰምታለች። ግድግዳ አልፎ ለእሷ የደረሰው ድምፅ፣ ክንድ በማይሞላ ርቀት ላይ ለተቀመጠው ለእሱ አልደረሰም።

ሊቀመንበሩ በሩ ላይ ቆሞ ኮሌታውን እያስተካከለ፣ ጮክ ብሎ "ጋሼ፣ እኔ ቀኑን ሙሉ መነጽር ስሸጥ እውላለሁ" አለ። "ዓይኔ ደከመ ብሎ ያፈረ ሰው አላጋጠመኝም። ለጆሮም አለ እኮ።" ከዚያ የሚመጣውን ቀድሞ ገምቶ ደረጃውን ሁለት ሁለት እየዘለለ ወረደ።

ፎርማን ወደ ሚስቱ ዞረ። ጊዜ አልፈጀበትም፤ ያቺ ትንሽ እውነት ውስጡ ገብታ ቦታ ሳትይዝ እሳት ሆና ወጣች።

"ከመቼ ጀምሮ ነው?"

ሚስቱ ትከሻዋን ነቀነቀች።

"ከመቼ ጀምሮ ነው የምልሽ! ስታውቂ ለምን አልነገርሽኝም?"

"ነገርኩህ" አለች፤ ከንፈሯን አነበበው እንጂ ድምፅ የላትም። "አልሰማኸኝም።"

"ቀልድ ነው? በእኔ ላይ? ተማክራችኋል! አንቺና ያቺ አስተማሪ፣ ያ መነጽር ሻጭም! ልጄም አለችበት! ደንቆሮ ልትሉኝ? እኔን? የማሽን በሽታ በጆሮዬ የማውቀውን ሰውዬ? ሕንፃው ሁሉ ሲስቅብኝ ነበር በይኛ! ደረጃ ላይ ሲነቀንቁልኝ! እና አንቺ ወጥ ቤት ሆነሽ ስታይ!"

ከዚህ በኋላ ያለው ሁሉ የሚጻፍ አይደለም። ሰው ሲያፍር እንዴት ክፉ እንደሚሆን ማየት የፈለገ ያን ማታ ፎርማንን ባየ። ያቺን የሥራ ጫማውን አንስቶ ወረወረ፤ ግድግዳው ላይ አረፈች፤ ከማዶ መልስ አልመጣም። በመጨረሻ ሻንጣውን በእግሩ ወደ በሩ ገፋና "ሂጂ! እሁድ ምን ትጠብቂያለሽ? ደህና ጆሮ ያለው ፈልጊ!" አላት።

ሚስቱ ሻንጣውን ወደ ቦታው መለሰችው፤ ውኃው እንዳይፈስ ቧንቧውን ዘጋች፤ መኝታ ቤት ገባች።

እሁድ ጠዋት ልጃቸው ሥራ ተጠርታ ስለነበር እናት በአውቶቡስ ለመሄድ ተነሳች። ፎርማን "አልሸኝም" ብሎ ተቀመጠ። በሩ ሲላተም ሰማ፤ እሱን ነው እንግዲህ የሚሰማው፣ በር ሲላተም። ጥቂት ቆየ። ከዚያ ኮቱን በአንድ እጅጌ ብቻ ለብሶ ደረጃውን ወረደ። መንገዱ ዳር ሲደርስ አውቶቡሱ ሞልቷል፤ ሚስቱ መስኮት አጠገብ ተቀምጣለች፤ መስታወቱ ዝግ ነው። በመሃላቸው መስታወት። ልክ እንደ ያኔው።

አየችው። ኮቱን አየችው። ፊቷ አልራራም፤ እንዲያውም የዘመናት ንዴት አንድ ላይ ፊቷ ላይ ወጣ። ሻንጣዋን ጭኗ ላይ ደልደል አደረገችና ሁለት እጆቿን አነሳች።

ሁለት ጣቶቿን አጋጠመች፤ ጉሮሮዋ ላይ አድርጋ ለያየቻቸው። ክሩ ተበጠሰ። ቡጢዋን ጨብጣ ወደ ታች ሳበች፤ ማሽኑን አቁም ስልህ። እንደገና ሳበች፤ አቁም ስልህ፣ አቁም ስልህ። ከዚያ የፋብሪካው ምልክት አልበቃ አላትና የመስታወቱን ዘመን ቋንቋ አወጣችው፤ ፈጥና፣ ጣቶቿ እየተጋጩ። እጄን መታኸው። ሰው ፊት መታኸው። ዱዳ እንዳንባል ብለህ፣ እኔን ዱዳ አደረግኸኝ። ጨው ለማለት ጮህኩ። ደህና እደር ለማለት ጮህኩ። አንተ ጆሮህን እንዳታፍርበት እኔ ጉሮሮዬን ሰጠሁህ። አጠገቧ ያለው ተሳፋሪ ክርኗ እንዳይመታው ተጠጋላት፤ ከኋላ ያሉት አንገታቸውን አስግገው ያያሉ። ማንም ምንም አልገባው። ፎርማን ግን አንድ ቃል አላመለጠውም። ስንት ዓመት ሆነው ሚስቱ ተናግራ ሁሉን ከሰማ? ንዴቷን እንኳ በሙሉው የሰማው ዛሬ ገና ነው።

እጁን አነሳ። ጣቶቹ ደርቀዋል፤ ለመታጠፍ እንቢ አሉ። የእጅ አንጓውን ነካ፣ ወደ መሬት ጠቆመ። በሽመና ክፍል ይህ "ፈረቃሽ መቼ ነው?" ማለት ነው። መቼ ትመጫለሽ ለማለት ሌላ አላገኘም።

አውቶቡሱ ተነቃነቀ። ሚስቱ ጆሮዋን በጣቶቿ ያዘች። ከዚያ የግራ እጇን አንጓ በቀኟ ጨብጣ እንደ ብሎን አዞረችው፤ ጠበቅ አድርጋ፣ ሁለት ጊዜ። መካኒክ ጥራ። ከዚያ ፊቷን አዞረች፤ አውቶቡሱም ሄደ።

ፎርማን እንደተናደደ ተመለሰ። በእሷ ተናደደ፣ በሐኪሙ ተናደደ፣ በመነጽር ሻጩ ተናደደ፤ ሁሉንም ጨርሶ ወደ ራሱ ሲደርስ ሁለተኛው ፎቅ ላይ ነበር። እዚያ አስተማሪዋን አገኛት። ውኃ የሞላ ጀሪካን እያረፈች ትጎትታለች፤ ትናንት ማታ በርሜሏ አልሞላላትም። ሲያያት ግድግዳውን ይዛ መንገድ ለቀቀች፤ ዓይኗ "አሁን ደግሞ ምን ሊል ነው" ይላል።

ፎርማን ቆመ። ዙሪያውን አየ፤ ከላይም ከታችም ማንም የለም። የሚለው ነገር ደግሞ ሌላ ሰው እንዲሰማው የማይፈልገው ነው። ወደ እሷ ጠጋ ብሎ፣ ድምፁን በጣም ዝቅ አድርጎ፣ በሹክሹክታ፣ "ልጄ፣ የጆሮ ሐኪም የት እንዳለ ታውቂያለሽ?" አላት።

አስተማሪዋ ጀሪካኑን ለቀቀችና ወደ ኋላ ተለጠፈች። ከላይ አንድ በር ተከፈተ። ከታች ሌላ በር፣ ከዚያ ሌላ። ሊቀመንበሩ ከምድር ቤት አንገቱን አስግጎ ወደ ላይ አንጋጠጠ፤ የሦስተኛ ፎቅ ሕፃናት በደረጃው ብረት መሃል ጭንቅላታቸውን አወጡ። የሁሉም ዓይን እሱ ላይ ነው። ፎርማን ፊታቸውን አንድ በአንድ አየና ሹክሹክታው ምን ያህል እንደነበር ገባው። እጁን አንስቶ አፉ ላይ ጫነው።

አስተማሪዋ ልትመልስለት አፏን ከፈተች፤ ከዚያ ተወችው። ከኪሷ ደብተር የምታርምበትን ቀይ እስክሪብቶ አወጣች። እጁን ቀስ ብላ ከአፉ ላይ ወሰደችው፣ መዳፉን ዘረጋችና አድራሻውን ጻፈችበት። ፎርማን እስክትጨርስ ድረስ እጁን ሳያነቃንቅ ቆመ፤ በሮቹም ቶሎ አልተዘጉም።